አልወጣም ያለ ጎሚኒ፦ የአሮጌ ላንድሮቨር ባሌስትራ ቡሾችን መለወጥ

ጎሚኒ በመኪና ሻንሲና በባሌስትራው መገናኛ ላይ ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋተግ የሚገባ የጎማ ቡሽ ነው። ሥሪቱ ቀላል ነው። አንዱ ባንዱ ውስጥ የገቡ ሁለት አጫጭር የብረት ቱቦዎች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ተጨምቆ በገባ ወይም ከብረቱ ጋር በተጣበቀ ጎማ ተሞልቷል። የውጭው ቱቦ በሻንሲው ወይም በባሌስትራው ጫፍ ቀለበት ውስጥ ተጠቅጥቆ ይቀመጣል፤ በውስጠኛው ቱቦ ደግሞ ብሎን ያልፋል። ብሎኑ ሲጠብቅ የውስጠኛው ቱቦ ከግራና ከቀኝ ተነክሶ ይያዛል። ስለዚህ መኪናው ጉድጓድ ሲመታና ባሌስትራው ሲወጣና ሲወርድ የሚንሸራተት ነገር የለም፤ ጎማው ራሱ ተጠምዝዞ ይመለሳል። መኪናው አዲስ ሳለ ይህን ዕቃ ማንም ልብ አይለውም። አርባና ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ግን እሱን ከሥፍራው ማውጣት የሞተር ቴስታ ከማውረድ የበለጠ ጊዜ የሚበላበት ቀን ብዙ ነው።

ለዚህ ሥራ ከድሮዎቹ ላንድሮቨሮች የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል። የእንግሊዙ ሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ ያሰበው ይህ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በራሽን ይታደል ስለነበር አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ ሻንሲው ግን ከብረት ላሜራ በተበየደ የሳጥን ቅርጽ ቀረ። ከዚያ ጀምሮ ሲሪስ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት ኤ እና ሦስት እየተባለ እስከ 1985 ድረስ ሲመረት አራቱም እግሮቹ ያረፉት በባሌስትራ ላይ ነበር፤ በሞላ ላይ የተቀመጠው ዋን ቴን የሚባለው ሞዴል የመጣው በ1983 ነው። በ1976 ከፋብሪካው የወጣው መኪና ብዛት አንድ ሚሊዮን ደርሷል። አፍሪካ ውስጥ፣ ኢትዮጵያንም ጨምሮ፣ መንገድ ባልገባበት አገር የመንግሥት ሠራተኛውንም ሚሲዮኑንም ያጓጓዘ መኪና ስለሆነ፣ ዛሬም በየግቢው ጥግ አቧራ ለብሶ የቆመ አይጠፋም። አካሉ አይዝግም። ከሥሩ ያለው ብረት ግን ይዝጋል፣ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እያንዳንዱ ባሌስትራ አንደኛው ጫፉ በብሎን ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። ሌላኛው ጫፍ ግን ባሌስትራው ሲዘረጋና ሲሰበሰብ ርዝመቱ ስለሚለዋወጥ ሻክል በሚባሉ ሁለት የብረት ሳህኖች ላይ ይንጠለጠላል። ሁለቱ የባሌስትራ ቀለበቶች አንዳንድ ጎሚኒ ይይዛሉ፤ ሻክሉ ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሦስተኛ ጎሚኒ አለው። ለአንድ ባሌስትራ ሦስት፣ ለመኪናው 12 ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ባሌስትራው ላይ ያሉት ስምንቱ ከመኪናው ወርደው ሞርሳ ወይም ፕሬስ ላይ ሊሠሩ ይችላሉ። ሻንሲው ውስጥ ያሉት አራቱ ግን መሬት ላይ ተኝቶ ካልሆነ አይደረስባቸውም።

ጎማ ከመምጣቱ በፊት በዚህ ቦታ የነሐስ ቡሽና የብረት ፒን ይገባ ነበር፤ በየጊዜው ግሪስ ካልተሞላ ይጮኻል፣ ይበላል። ቻርልስ ጉድይር በ1839 ጥሬ ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ ሙቀትና ብርድ የማይለውጠው ነገር ካደረገው በኋላ ጎማን ለእንዲህ ያለ ሥራ ማሰብ ተቻለ። በጋራዦች ሲለንትብሎክ እየተባለ የሚጠራው የሁለት ቱቦ ቡሽ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ከተስፋፋ ወዲህ ግሪስ መሙላት ቀረ። ባለመኪናው ከዚህ እንክብካቤ ሲገላገል ግን ብሎኑን በየጊዜው የሚፈታ ሰውም አብሮ ጠፋ። ለአሥር ዓመታት ያልተነካ ብሎን ከቱቦው ጋር አንድ ብረት ይሆናል።

ጎሚኒ የሚሞተው በብዙ መንገድ ነው። በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን የተወጠረ ጎማን ላዩን ይሰነጥቀዋል። ከሞተርና ከማርሽ ሳጥን የሚንጠባጠብ ዘይት የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጠውና ያለሰልሰዋል። ፀሐይና የዓመታት መጠማዘዝ ደግሞ ያደርቁታል። መኪናው ብዙ ባይነዳም ጎማው ያረጃል፤ እንዲያውም ለዓመታት በአንድ ቦታ የቆመ መኪና ጎሚኒው በአንድ ወገን ተጨምቆ የውስጠኛው ቱቦ ከመሐል ሸሽቶ ይገኛል።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በጆሮ ነው። ፍሬን ሲያዝ ወይም ማርሽ ሲቀየር ከሥር አንዲት ደረቅ «ቋ» የምትል ድምፅ ትሰማለች። መሪው ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ አክስሉ በጥቂቱም ቢሆን ወደፊትና ወደኋላ ስለሚንቀሳቀስ መኪናው በየመንገዱ ጉብታ አቅጣጫውን ይለውጣል። ይህን የመሪ ሳጥን ችግር ነው ብሎ ያልተበላሸውን መሪ መፍታት የተለመደ ስህተት ነው። ቀላሉ መፈተኛ ረጅም የብረት ዘንግ በሻክሉና በሻንሲው መካከል አስገብቶ መጠምዘዝ ነው፤ ጤነኛ ጎሚኒ ጥቂት ሰጥቶ ይመለሳል፣ የሞተው ግን ይንኳኳል ወይም ጎማው ተፍቆ በዳር ይወጣል።

ሥራው የሚጀምረው ከመፍታት ቀናት ቀድሞ ነው። የብሎኖቹ ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፤ ከዚያም ዝገት ፈቺ ዘይት ጠዋትና ማታ ይረጫል። ዘይቱ የሚሠራው ጊዜ ሲያገኝ ነው፤ ረጭቶ ወዲያው ቁልፍ ማስገባት ዘይቱን ማባከን ነው ማለት ይቻላል። መኪናው በክሪክ ከተነሣ በኋላ ሻንሲው በጠንካራ የብረት ማቆሚያዎች ላይ ይቀመጣል። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር መግባት፣ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን፣ አይፈቀድም። ሁለተኛ ክሪክ ከአክስሉ ሥር ገብቶ ክብደቱን ይሸከማል፤ በብሎኑ ላይ ጭነት እስካለ ድረስ ብሎኑ ቢፈታም አይወጣም። ባሌስትራዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከማውረድ አንድ በአንድ መሥራት ይሻላል፤ አለዚያ አክስሉ ከቦታው ሸሽቶ መልሶ ለመግጠም ሌላ ሥራ ይሆናል። በብዙዎቹ ሲሪስ ላንድሮቨሮች ላይ የሾፌሩና የተሳፋሪው ወገን ባሌስትራ ቁመታቸው እኩል አይደለም፤ የሾፌሩ ወገን የበለጠ ጭነት ስላለው ጎበጥ ብሎ ተሠርቷል። ከመውረዳቸው በፊት በኖራ ምልክት ያላደረገ ሰው መኪናው ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ሲያገኘው ምክንያቱን ለማወቅ ይቸገራል።

አሁን ወደ ብሎኑ። የላንድሮቨር ሻክል ላይ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ከሁለቱ ሳህኖች አንዱ ራሱ ጥርስ የወጣለት ነው፤ ብሎኑ በመጀመሪያው ሳህን አልፎ፣ ጎሚኒውን ተሻግሮ፣ ሁለተኛው ሳህን ላይ ይጠመዘዛል። በዚያ ላይ የሚታየው ዳዶ መቆለፊያ ብቻ ነው። ዳዶውን አውልቆ ብሎኑን በመዶሻ ማስወጣት የሚሞክር ሰው ጥርሱን ያበላሻል እንጂ ብሎኑ ንቅንቅ አይልም። ዳዶው ከወለቀ በኋላ ብሎኑ ራሱ ተጠምዝዞ መውጣት አለበት።

ይህ እንግዲህ ብሎኑ እሺ ሲል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቁልፍ ሲገባበት ሩብ ዙር ያህል ይዞራል፣ ሲለቀቅ ግን እንደ ሞላ ወደ ቦታው ይመለሳል። ብሎኑ የዞረ ይመስላል እንጂ የዞረው ከውስጠኛው ቱቦ ጋር ነው፤ ጎማው ተጠምዝዞ መልሶ ጎተተው። ብሎኑና ቱቦው በዝገት ተጣብቀዋል። ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ በጠባቡ ክፍተት ውስጥ ሲያብጥ ሁለቱን ብረቶች እንደ ፕሬስ ይጨብጣቸዋል። ረጅም ቧንቧ በቁልፉ ጫፍ ሰክቶ በሙሉ ክብደት መንጠልጠል እዚህ ላይ አይረዳም። ወይ የብሎኑ ራስ ይበጠሳል፣ ወይ ጎማው ይቀደድና ብሎኑ ቱቦውን ይዞ ያለማቋረጥ ይዞራል፤ ያን ጊዜ በፊት የነበረው ጥቂት መያዣም ይጠፋል።

የሚያዋጣው መቁረጥ ነው። በሻክሉ ሳህንና በጎሚኒው ጠርዝ መካከል ያለችው ቀጭን ክፍተት የሴጌቶ ምላጭ ታስገባለች። ምላጩ ከመያዣው ወልቆ ጫፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእጅ ይሠራበታል፤ ኤሌክትሪክ ያለው ጋራዥ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ መጋዝ ወይም ቀጭን ዲስክ ያለው ግራይንደር ይጠቀማል። ብሎኑ በግራም በቀኝም ሲቆረጥ ሻክሉ ይወድቃል፣ ባሌስትራው ይላቀቃል። ብሎኑ ጠንካራ ብረት ስለሆነ አንዱን መቁረጥ ብዙ ምላጭ ሊጨርስ ይችላል። ሆኖም ብሎኑም ሻክሉም በአዲስ የሚተኩ ዕቃዎች ናቸው፤ ሻንሲው ግን አይተካም፣ ወይም የሚተካው በብዙ ገንዘብ ነው። በዚህ ሥራ መተላለፍ የሌለበት ወሰን ይኸው ነው፦ ርካሹ ዕቃ ይበላሽ፣ ውዱ ይትረፍ።

እሳት የሚቀናቸው ሰዎች አሉ። ኦክሲጅን ብየዳ ያለበት ጋራዥ ውስጥ ጎሚኒውን ማቃጠል ፈጣን መንገድ ይመስላል፤ በርግጥም ጎማው ሲነድ ብሎኑና የውስጡ ቱቦ በቀላሉ ይወጣሉ። ዋጋው ግን ከባድ ነው። የሚነደው ጎማ ጥቁር፣ የሚያፍንና መርዛማ ጭስ ያወጣል፤ ጎማውም በግፊት ተጨምቆ ስለገባ ሲለሰልስ ፈንጥቆ ሊወጣ ይችላል። በአጭሩ ላንድሮቨር ላይ የቤንዚን ታንከሩ ከፊት ወንበር ሥር ነው፤ የፍሬን ቱቦዎችም በሻንሲው ላይ ያልፋሉ። ቀድሞ ሌላ ሰው ፖሊዩሬቴን ቡሽ አስገብቶ ከሆነ የሚወጣው ጭስ ሲያናይድ ያለበት ነው። ሻንሲው በዚንክ የተነከረ ከሆነ ደግሞ የዚንኩ ጭስ ለሰዓታት የሚቆይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል። ባሌስትራው ራሱ በእሳትና በዘይት ተነክሮ ጥንካሬ ያገኘ ብረት ነው፤ ቀለበቱ እስኪቀላ ከጋለ ያ ጥንካሬ ይሄዳል፣ በኋላም ጭነት ላይ ይከፈታል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ሲታዩ እሳት ለመጨረሻ አማራጭ የሚቀመጥ ነገር ነው።

ያለ እሳት ጎማውን ለማውጣት መሰርሰሪያ ይበቃል። በቀጭን ፑንታ በውስጠኛው ቱቦ ዙሪያ ጎማው ላይ ቀዳዳ በቀዳዳ ይበሳል። ፑንታው ጎማ ሲነካ ስለሚይዝና ስለሚጎትት ዝግ ብሎ፣ በየጊዜው እየወጣ፣ ሳሙና ውኃ እየነካ መሥራት አለበት። ቀዳዳዎቹ ሲቀራረቡ የውስጠኛው ቱቦ በመዶሻ ተመትቶ ይወጣል፤ የተረፈው ጎማ በቢላ ይፋቃል። የማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ቀለበቱ ውስጥ የቀረውን ስስ የውጭ ቱቦ የሻንሲው አካል አድርጎ በማየት አዲሱን ጎሚኒ ለማስገባት ሲታገል ይውላል። አዲሱ አልገባም ሲል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የአሮጌው ቱቦ ወጥቷል ወይ የሚለው ነው። በብርጭቆ ወረቀት ጠርዙ ሲፈገፈግ በሁለቱ ብረቶች መካከል ቀጭን የክብ መስመር ይታያል።

ይህን ቱቦ ለማውጣት የሴጌቶ ምላጭ በቀለበቱ ውስጥ ይገባና ጥርሱ ወደ ውጭ ዞሮ መያዣው ላይ መልሶ ይታሰራል። ከዚያ በቱቦው ርዝመት ልክ ቀጥ ያለ መስመር ይቆረጣል። ጥበቡ የት ላይ እንደሚቆም ማወቅ ነው። ቱቦው ሊበጠስ ሲል መሐሉ ላይ ያለው የዝገት ሽፋን ይነካል፤ የሚወርደው ብናኝ ከሚያብረቀርቅ ብረት ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ የመጋዙም ድምፅ ይደነዝዛል። እዚያ ላይ ይቆማል። ከዚያ አልፎ መቁረጥ ሻንሲው ላይ ጭረት ይተዋል፤ ጭረት ደግሞ በጊዜ ብዛት ስንጥቅ ይሆናል። ሁለተኛ መስመር ከመጀመሪያው ጥቂት ርቆ ሲቆረጥ በመካከል ያለው ቁራጭ በቀጭን የብረት መሮ ተነቅሎ ይወጣል፤ የቀረው ቱቦ ውጥረቱን አጥቶ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ በመዶሻም ይገፋል። ብዙ ጊዜ ቀኑን የሚያስጨርሰው ይህ ክፍል ነው፤ ላልለመደ ሰው አንዱ ጎሚኒ ብቻ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል።

የባሌስትራው ቀለበት ፕሬስ ላይ ሲገፋ በደንብ መደገፍ አለበት፤ ቀለበቱ የተጠቀለለ ቅጠል እንጂ የተበየደ ቱቦ ስላልሆነ በጭነት ሊፈታ ይችላል። ሻንሲው ላይ ያለው ደግሞ ላሜራውን አልፎ የተበየደ ቀጭን ቱቦ ነው፤ በከባድ መዶሻ ሲደበደብ ብየዳው ይሰነጠቃል። ለእሱ የሚሆነው መጎተቻ ነው። ሙሉ ጥርስ ያለው ረጅም ጠንካራ ብሎን በጎሚኒው ውስጥ ያልፋል፤ በአንዱ ወገን የውጭውን ቱቦ ብቻ የሚገፋ ሮንዴላ፣ በሌላው ወገን ጎሚኒው ወጥቶ የሚገባበት ሰፊ ቧንቧ ይቀመጣል። ዳዶው ሲጠብቅ ጎሚኒው በዝግታ ይወጣል። ይህን መጎተቻ ማንኛውም ቶርኖ ቤት በአጭር ጊዜ ያበጀዋል፤ አዲሱን ለማስገባትም ያገለግላል።

ከማስገባት በፊት ቀለበቱ በብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል፣ የተረፈ ዝገትና እሾህ በሞረድ ይነሣል፤ የአዲሱ ቱቦ ጠርዝም ትንሽ ይፋቃል። ውጩ ስስ ግሪስ ይቀባል፤ ግሪሱ ጎማውን መንካት የለበትም። አዲሱን ጎሚኒ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር የሚሉ አሉ። ሒሳቡ ሲሠራ ጥቅሙ ትንሽ ነው፦ 30 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ብረት 40 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚቀንሰው ከአንድ መቶኛ ሚሊሜትር ጥቂት በላይ ብቻ ነው። ጉዳት የለውም፤ የቀለበቱን ንጽሕና ግን አይተካም። ሲገባ ግፊቱ የሚያርፈው በውጭው ቱቦ ላይ ብቻ ነው። በውስጠኛው ቱቦ ላይ የተገፋ ጎሚኒ ጎማው ከብረቱ ይላቀቅና ገና ሳይሠራ ይሞታል። አጀማመሩ ላይ ጥቂት እንኳ ከተንጋደደ ወጥቶ እንደገና መጀመር አለበት፤ እየገባ ይቃናል ብሎ መቀጠል ቀለበቱን ይበላል።

አዲሶቹ ብሎኖች ጥርስ የሌለው ግንዳቸው በሙሉ ዝገት የሚከላከል የመዳብ ግሪስ ይቀባል። ቀጥሎ የሚመጣው መካኒክ ማን ይሁን ማን፣ የዛሬዋ ግሪስ ሴጌቶ ከማውጣት ታድነዋለች። ባሌስትራው አክስሉ ላይ ሲመለስ የመሐል ብሎኑ ራስ በአክስሉ መቀመጫ ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መግባቱ ይታያል፤ ከዚያ ዩ ብሎኖቹ ይታሰራሉ።

የሻክልና የባሌስትራ ብሎኖች ግን በዚህ ጊዜ አይጠብቁም፤ በእጅ ብቻ ይያዛሉ። ምክንያቱ ከጎሚኒው አሠራር ይመጣል። መኪናው በማቆሚያ ላይ ሳለ አክስሉ ተንጠልጥሎ ባሌስትራው ከወትሮው በላይ ጎብጧል። ብሎኑ በዚያ ሁኔታ ከጠበቀ የውስጠኛው ቱቦ እዚያው ላይ ይነከሳል፤ መኪናው መሬት ሲነካ ጎማው ቆሞም ተጠምዝዞ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በየጉድጓዱ የሚጠማዘዘው ከተጠማዘዘበት ላይ ነው፤ በጥቂት ወራት ይቀደዳል፣ መኪናውም ከልኩ ከፍ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ መኪናው መጀመሪያ መሬት ላይ ይወርዳል፣ ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል፣ ጥቂት ይነቀነቃል፤ ባሌስትራዎቹ ቦታቸውን ሲይዙ ብሎኖቹ ሙሉ ክብደት ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ከአዲስ ጎሚኒዎች ያለ ዕድሜያቸው የሚሞቱት ብዙዎቹ ይህች አንድ ቅደም ተከተል የተሳተችባቸው ናቸው።

ጎማ ካልተገኘ ምትኮች አሉ። ፖሊዩሬቴን ለመግጠም ቀላል ነው፤ ሁለት ግማሾች ከግራና ከቀኝ በእጅ ይገባሉ፣ ዘይትም ቶሎ አያበላሸውም። ነገር ግን ጠንከር ያለ ስለሆነ የመንገዱን ንዝረት የበለጠ ያስተላልፋል፤ የሚሠራውም ከመጠምዘዝ ይልቅ በውስጡ ቱቦ ላይ በመንሸራተት ስለሆነ የሲሊኮን ግሪስ ካልተቀባ ይጮኻል። በቶርኖ ቤት ከነሐስ ወይም ከናይለን የሚወጣው ቡሽም ይሠራል፤ ወደ ድሮው የግሪስ ዘመን መመለስ እንደሆነ ግን መታወቅ አለበት፣ የግሪስ መግቢያ ቀዳዳ ካልተበጀለት ብሎኑን ይበላል። ለመንገደኛ መኪና፣ በተለይ በኮረኮንች ለሚሄድ፣ በጥሩ ጎማ የተሠራው የመጀመሪያው ዓይነት አሁንም የተሻለ ነው። ርካሽ የሆነውን ግን በጥፍር ተጭኖ ማየት ይገባል፤ ለዓመታት መደብር ውስጥ ተቀምጦ የደረቀ ጎማ ሲጫኑት አይሰጥም፣ ጠርዙም ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች ይታያሉ።

ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ሁሉም ብሎኖች፣ ዩ ብሎኖቹም ጭምር፣ መኪናው መሬት ላይ እንዳለ እንደገና ይጠብቃሉ። ቀለም ወይም ዝገት የነበረበት መገናኛ ሲጨመቅ ስለሚሳሳ የመጀመሪያው ጥብቀት ጥቂት ይላላል። በዚሁ ጊዜ ከፊት ጎማዎች ጀርባ የሻክሎቹ ማዘንበል በሁለቱም ወገን እኩል መሆኑ ይታያል፤ አንዱ ከሌላው በጣም ከተለየ ባሌስትራው ራሱ ደክሟል ማለት ነው፣ ያንን ደግሞ ጎሚኒ አያስተካክለውም።